ነፃው ሽማግሌ ሃያ በግ ያስከፍላል

ደባርቅም ሆነ ዳባት፣ ትዳር ሲፈርስ ምክር አይጠፋም። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት፣ የነፍስ አባት፣ ለጥምቀት ከጎንደር የመጣ የተማረ ዘመድ፣ ሁሉም አስቀድመው የተማከሩ ይመስል አንድ ነገር ይላሉ፤ «ፍርድ ቤት ገንዘብ ላለው ነው። አንቺ ጠበቃ የምትይዢበት ምን አለሽና! ሽማግሌ ይበቃሻል፤ እሱ ነፃ ነው።» ምክሩ በርኅራኄ ድምፅ ስለሚነገር የሚጠረጥረው የለም። ሴትዮዋም ነጠላዋን አጣፍታ እሺ ትላለች።

እኔ ይህን ምክር አልቀበለውም። የሚመክሩት ክፉዎች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አብዛኞቹ ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ነገር ግን በዚህ ደጋ አገር ድሃ ሴትን የዚህን ምክር ያህል ያራቆታት ሌባ አላውቅም። አንዱ ምክር ሁለት ውሸት አዝሏል። ጠበቃ ከቶ የማይደረስበት ውድ ነገር ነው ይላል፤ ሽማግሌ ደግሞ ነፃ ነው ይላል። ከሁለቱ የባሰው ሁለተኛው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ሒሳቡንም ሁሉም በሚያውቀው ገንዘብ፣ በበግ፣ እንቁጠረው።

ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ባልና ሚስት እናስብ። አሥራ አምስት ዓመት አብረው ኖረዋል። ሁለት በሬ፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ አሥራ ሁለት በግ፣ በጎተራ ያለ ገብስና ባቄላ፣ በባልየው አባት ደጅ የተሠራ ባለ ቆርቆሮ ቤት አላቸው። መሬቱን ለጊዜው እንተወው፤ እንመለስበታለን። ሌላው ሁሉ ተገምቶ 60 በግ ያወጣል እንበል። ተጣሉ፤ መታረቅም አልሆነም። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ ውለው «ላሚቱን ከነጥጃዋ ስጣት፣ አራት በግም ጨምርላት፤ ቤቱ የአባቱ ደጅ ላይ ስለሆነ ለእሱ ይቅር፤ በሬም ያለ ወንድ ምን ያደርግላታል» ይላሉ። ላሚቱ ከነጥጃዋ በ6 በግ ብትገመት፣ ሴትዮዋ 10 በግ ይዛ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ሳንቲም አልተቀበሉም። ሁሉም ተመራርቆ ወደ ቤቱ ገባ።

ሕጉ የሚላት ሌላ ነው። በትዳር ውስጥ የተፈራው ንብረት የጋራ ነው፤ ትዳር ሲፈርስም በመርህ ደረጃ እኩል ይካፈላል። ስለዚህ ድርሻዋ 30 ነበር። አሁን ጠበቃ ያዘች እንበል። ከምታገኘው ላይ ከአሥር አንዱን ሊወስድ ተዋዋለ፤ ይህን ልክ ለስሌት ያህል እኔ ነኝ የወሰንኩት፤ በውል የሚቆረጥ ነገር ስለሆነ ያንስም ይበልጥም ይሆናል። 3 በግ ሄደ። ለመኪና፣ ለማመልከቻ ማጻፊያ፣ ምስክሮቿን ምሳ ለማብላት ሌላ 3 በግ ይሂድ። ቤቱ ያለበት ቦታ የአባቱ ነው ተብሎ ክርክር ተነሥቶ ከቤቱ ግምት ጥቂት ቢቀነስባት እንኳ፣ በእጇ የሚቀረው ሽማግሌ ከሰጣት እጥፍ ያህል ነው። ውዱ ጠበቃ 3 በግ ወሰደ። ነፃው ሽማግሌ 20 ወሰደ።

ሽማግሌዎቹ ግን ጉቦ አልበሉም። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ጉቦ ቢበሉ ኖሮ ሰው በጠላቸው፣ ልጆቻቸውም ባፈሩ ነበር። እነማን እንደሆኑ ተመልከቱ። በእኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ ሙሽራ ወደ ባሏ ቀዬ ትሄዳለች። ጠብ በተነሣ ቀን ከዛፍ ሥር የሚቀመጡትም የባልየው አጎት፣ አብሮት ጽዋ የሚጠጣ ማኅበርተኛው፣ አብሮት የሚያርስ ጎረቤቱ፣ የልጁ ክርስትና አባት ናቸው። ገብሱ ሲደርስ ወንፈል የሚመልሱት ለእሱ ነው። ሲሞቱ ሬሳቸውን የሚሸከመው እሱ ነው። እሷስ? ከሳምንት በኋላ በቀዬው የለችም። ወይ ወደ አባቷ አገር ተመልሳለች፣ ወይ ደባርቅ ገብታ ጠላ ትጠምቃለች። ከሚቀረው ጎረቤትና ከምትሄደው ሴት መካከል ማንን ማስቀየም እንደሚቀላቸው ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ዳኛ የዘመዱ ጉዳይ ሲቀርብለት ከችሎቱ ይነሣል። ሽማግሌ ግን ለመቀመጥ የሚመረጠው ዘመድ በመሆኑ ነው።

ይህን ስል «ባህል አፍራሽ» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። አይደለሁም። ማስታረቅና ማካፈል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የእኔም ክርክር ሁለቱ ለምን በአንድ አፍ ይነገራሉ የሚል ነው። ለማስታረቅ ዘመድ መሆን ይጠቅማል፤ የባልየውን ቁጣ የሚያውቅ አጎት ከየትኛውም ዳኛ የተሻለ ያበርደዋል። ለማካፈል ግን ያው ዝምድና መርዝ ነው። ሕጉም ይህን ለይቶ ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽምግልና ዳኞች ሰጥቶ ነበር፤ ፍቺ ጠያቂም «ከባድ ምክንያት» እንዲያቀርብ ይጠበቅበት ነበር፣ ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከንብረቱ ድርሻ ሊቀነስበት ይችል ነበር። አርባ ዓመት ተሞከረ። በ1992 ዓ.ም. የፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ሲወጣ ፍቺ የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሆነ፤ ሽማግሌ እንዲያስታርቅ ብቻ ተተወለት። ለዚያ ሕግ ከተሟገቱት መካከል በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ግንባር ቀደም ነበር። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ ሲያወጣ በአብዛኛው በዚያው ፈለግ ሄደ። በወረቀት ላይ የሽማግሌ ችሎት ከተዘጋ ሃያ ዓመት አልፎታል። በዛፉ ሥር ግን አልተዘጋም።

«ይህ የከተማ ሕግ ነው፣ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ አገር ሴት እንዲህ አታውቅም» የሚል መከራከሪያም አለ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። በጎንደርና በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር፤ ሴት ልጅ ከወንድሟ ጋር የርስት ጥያቄ ታነሣ ነበር። የሰማንያ ጋብቻ በምስክር ፊት በውል የሚታሰር ነበር፤ ማን ምን ይዞ እንደመጣ በእማኝ ፊት ይቆጠር ነበር። ውል ያለበት ጋብቻ ሲፈርስ እንደ ውል ይፈርሳል። አያቶቻችን ለአንድ ጋሻ መሬት ከአደባባይ አደባባይ ሲሟገቱ የኖሩ፣ «በሕግ አምላክ» የተባለ መንገደኛ ባለበት የሚቆምበት አገር ሰዎች ናቸው። የዚህ አገር ሰው መሟገት ነውር ነው ብሎ አያውቅም። ነውር የሆነው ሴት ስትሟገት ብቻ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ያደረሰን እዚህ ነው፤ ከዚያ ተረት በላይ ለባልየው የሠራለት ጠበቃ የለም።

ደግሞ ፍርድ ቤት መጥቶ ነው ትዳር ያፈረሰው ይላሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በ1990 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰበሰበውን የቤተሰብና የወሊድ መረጃ መርምሮ፣ በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በሠላሳ ዓመት ጊዜ ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቃ አሳይቷል። ልብ በሉ፤ መረጃው ሲሰበሰብ አዲሱ የቤተሰብ ሕግ አልተጻፈም ነበር፣ ፍቺም በሽማግሌ እጅ ነበር። ያው ጥናት ከተፋቱት ሴቶች ሁለት ሦስተኛው የተፋቱት በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ውስጥ እንደነበር ይናገራል። ያን ጊዜ ብዙዋ ልጅ እግር ናት። ምን የጋራ እንደሆነ፣ ምን የግል እንደሆነ የነገራት የለም። ለብሳ የወጣችው ቀሚስ ድርሻዋ ነው ተብላ ትሸኛለች፤ ለሁለተኛው ትዳርም ባዶ እጇን ትገባለች፤ ባዶ እጇን ስለገባችም ሁለተኛው ባል ሲመታት የምትሄድበት የላትም። ነፃ የተባለው ሽምግልና ዋጋው በዚያ ቀን ተከፍሎ አያልቅም።

አሁን ወደ ጠበቃው እንምጣ። ጠበቃ ርካሽ ነው ብዬ አልዋሽም። በቀን ሥራ ለምትኖር፣ በመንገድ ዳር ድንች ለምትሸጥ፣ ለአንድ የመንግሥት ጥበቃ ወይም ለጀማሪ መምህርም ቢሆን፣ የጠበቃ አበል ከባድ ነው። (ድሃ ባልም አለ፤ ሚስቱ ነጋዴ የሆነች፣ እሱ የቀን ሠራተኛ የሆነ። የምለው ሁሉ ለእሱም ይሠራል። በዚህ አገር ባዶ እጁን የሚወጣው ማን እንደሆነ ስለምናውቅ ግን «እሷ» እያልኩ ልቀጥል።) ስሕተቱ ጠበቃን ወይ ሙሉውን መግዛት ወይ ጨርሶ መተው ነው ብሎ ማሰብ ነው። ለፋሲካ ሙሉ በሬ መግዛት ያልቻለ ሰው ቅርጫ ይገባል እንጂ በሽሮ አይፈስክም። ጠበቃም ቅርጫ አለው።

ፍቺው ራሱ ብዙ ጠበቃ አይፈልግም። እንደ ድሮው ጥፋት ማስረዳት የለም፤ ባል አመንዝሯል፣ መትቷል ብሎ ምስክር ማሰለፍ ለፍቺው ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ማመልከቻ ይጻፋል፣ ፍርድ ቤቱ እንዲታረቁ ይመክራል፣ ለሽማግሌ ይመራል፣ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል፤ በፌደራሉ ሕግ ይህ ጊዜ ከሦስት ወር አይበልጥም። ካልሆነ ይወስናል። ለዚህ ሙሉ ጠበቃ ቀጥሮ ጥሪትን መጨረስ አያስፈልግም። እውነተኛው ክርክር ንብረቱ ላይ ነው። ቤቱ በአባቱ ደጅ ነው ሲባል፣ በሬዎቹ የወንድሜ ናቸው ሲባል፣ ሱቁ በአክስት ስም ሲገኝ፣ ባልየው ራሱ ጠበቃ ይዞ ሲመጣ፣ ያን ጊዜ ነው የጠበቃ ገንዘብ መውጣት ያለበት። ከዚያ በፊት ለአንድ ሰዓት ምክር መክፈል፣ ቀጥሎ ክሱን ብቻ ማጻፍ፣ የምስክር ቀን ብቻ አብሮ እንዲቆም መዋዋል ይቻላል። የቀረውን ከድርሻ ላይ፣ ውሳኔው ሲፈጸም ለመክፈል መስማማትም ይቻላል። ሁሉም ግን በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት፣ መቼ፣ ለየትኛው ሥራ። በቃል የተዋዋለ ደንበኛና ጠበቃ ከፍቺው የባሰ ፍቺ ይጠብቃቸዋል።

ድሃ ሴት ከጠበቃው በፊት ያላት ጠበቃ ደግሞ አለ፤ ማንም አይነግራትም። ሕጉ በትዳር ጊዜ ያለ ንብረት ሁሉ፣ በማንም ስም ይመዝገብ፣ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። የግሌ ነው የሚለው ነው ማስረዳት ያለበት። ከጋብቻ በፊት የነበረኝ ነው፣ በውርስ ያገኘሁት ነው፣ በስጦታ የተሰጠኝ ነው የሚል ማስረጃ ማምጣት የባልየው ሥራ ነው። እሷ «የጋራችን ነው» ብላ መቀመጥ ትችላለች። በዛፉ ሥር ግን ሸክሙ ይገለበጣል። «ይህ ያንቺ ለመሆኑ ምን ምስክር አለሽ?» ተብላ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመት ጭቃ ያቦካችበትን ቤት። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ግጭ ከምትባለው መንደር፣ በ2008 ዓ.ም. ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩ ቤተሰቦች አሉ። ከዚያ ወዲህ ከነዚህ ትዳሮች አንዱ ቢፈርስ፣ በካሳው ገንዘብ የቆመው ቤት የማን ስም አለበት የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የሕጉ መልስ ስም ብቻውን ለመርታት አይበቃም ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ማወቅ የብዙ በግ ዋጋ አለው።

መሬቱን እንመለስበታለን ብዬ ነበር። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ፣ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ ተደርጓል፤ ስሟ ደብተሩ ላይ አለ። መሬት በኢትዮጵያ አይሸጥም አይለወጥም፤ ይዞታው ግን በፍቺ ይከፈላል። ሽማግሌ «መሬት የወንድ ነው፣ ማረሻ የያዘ ነው» ሲል ደብተሩ ይቃወመዋል። ችግሩ ደብተሩ የት ነው የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ በባልየው ሣጥን ውስጥ ነው። ሳይጣሉ በፊት፣ ትዳሩ ገና ደኅና ሳለ፣ ቅጂውን ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት የምታወጣ ሴት አርቆ አሳቢ እንጂ ተንኮለኛ አይደለችም።

ሌላም አለ፤ በሬ እግር አለው። ክሱ ሳይደርስ ገበያ ይደርሳል። ስለዚህ ጠበቃም ባይኖራት ከክሱ ጋር መጠየቅ ያለባት እግድ ነው፤ ከብቱ እንዳይሸጥ፣ እህሉ ከጎተራ እንዳይወጣ፣ ባልየው ደሞዝተኛ ከሆነ ለልጆቹ ቀለብ እስከ ውሳኔው እንዲቆረጥ። ፍርድ ቤት በፍቺ ክስ ሂደት ላይ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ዳኝነት መክፈል ያልቻለችም በድህነት መክሰስ ትችላለች። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በድህነት ስለሚቀርብ ክስ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ያላትን ዘርዝራ በመሐላ አረጋግጣ ታመለክታለች፣ ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ይፈቅዳል። ያው ሕግ ወንድም፣ ልጅ፣ አባት ወይም እናት በውክልና ስለ እሷ እንዲቆሙ በር ይከፍታል። የረታ ወገንም ወጪና ኪሳራውን መጠየቅ ይችላል። በፍቺ መዝገብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ የየራሳቸውን ይቻሉ» የሚለው ነው። ይህች ሐረግ ፍትሐዊ ትመስላለች፤ በሬውን ደብቆ ክሱን ዓመት ያስረዘመ ባልና በእግሯ ስትመላለስ የከረመች ሚስት እኩል «ይቻሉ» ሲባሉ ግን ምኑ ላይ እንደሚተካከሉ አይታየኝም።

ተቃዋሚዎቼ እውነት የሚናገሩበትም ቦታ አለ። ጠበቃ ያታልላል ይላሉ፤ የሚያታልል አለ። ቀጠሮ ይበዛል ይላሉ፤ ይበዛል። ዳኛው ሥልጠና ሄደዋል፣ መጥሪያው አልደረሰም፣ መዝገቡ አልተገኘም። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ገደል ወርዳና ወጥታ ለመጣች ሴት አንድ የተላለፈ ቀጠሮ የአንድ ሳምንት ኑሮ ነው። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ከሆነች ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ይግባኝ ለማለት ጎንደር ድረስ መቶ ኪሎ ሜትር መውረድ ቀርቷል፤ ትልቅ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ጦርነት ደግሞ ያንን መልሶ ነጥቋል። መንገድ ይዘጋል፣ ጽሕፈት ቤት ይዘጋል፣ ሰው ከቀበሌው መውጣት ይፈራል። በዚህ ጊዜ «ፍርድ ቤት ሂጂ» ማለት ቧልት እንደሚመስል አውቃለሁ።

ከዚህ የሚከተለው ግን ሽማግሌ ያካፍል የሚል አይደለም። ፍርድ ቤት በሌለበት ሽማግሌ ሊሠራው የሚገባ ሥራ አለ፤ ቆጥሮ መጻፍ። ስንት በሬ፣ ስንት በግ፣ ስንት ኩንታል፣ ስንት ቆርቆሮ፤ በዚህ ቀን፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት፣ ሁለቱም ባሉበት። ከዚያ ሴትዮዋና ልጆቿ የሚበሉትን ቆርጦ መስጠት፣ የቀረው እንዳይሸጥ ባልየውን ዋስ ማስጠራት። ክፍፍሉ ይቆይ። «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚለው ተረት ለዚህ ቀን የተተረተ ይመስላል። መንገዱ ሲከፈት ያ ወረቀት ከአሥር ምስክር ይበልጣል፤ ጠበቃውም ሥራው ግማሽ ስለሚያልቅለት ዋጋው ይቀንሳል። የሽማግሌ እጅ እዚህ ላይ በእውነት ነፃ ነው፤ ቡራኬም አለው።

ከሽማግሌው ይልቅ የምቆጣው ግን በመንግሥት ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 በወንጀል ለተከሰሰ ድሃ፣ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ፣ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ያዝዛል። በግ የሰረቀ ጠበቃ ያገኛል። ሃያ በግ የተወሰደባት ሚስት አታገኝም። እርግጥ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 943 አቅም የሌላቸውን፣ በተለይ ሴቶችንና ሕፃናትን፣ ወክሎ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ መሟገትን ከሥራዎቹ አንድ አድርጎ ነበር። የፌደራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብም ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ይጠይቅ ነበር። ሐሳቡ አለ ማለት ነው። ሐሳቡ ግን አዲስ አበባ ይወለድና ሊማሊሞን ሳያይ ያረጃል። የሴት የሕግ ባለሙያዎቹን ማኅበር ተመልከቱ፤ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሴቶች ነፃ ምክር ሲሰጥ ቆይቶ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ሲል ክንፉ ተመታ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ተሻረ። በዚያ አሥር ዓመት ያለ ምክር በዛፍ ሥር የፈረሙትን ሴቶች ግን የሚቆጥራቸው የለም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ መልካም ሥራ ነው። እኔ የምጠይቀው በገበያ ቀን፣ ገበያው መካከል፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነው። ሴትዮዋ በግ ልትሸጥ በመጣችበት ሩብ ሰዓት ተቀምጣ «የጋራ» እና «የግል» የሚሉትን ሁለት ቃላት ተረድታ እንድትሄድ። ለዳኞቹም አንድ ጥያቄ አለኝ። የፌደራሉ ሕግ በስምምነት የቀረበን የፍቺ ውል ፍርድ ቤቱ ከማጽደቁ በፊት ባልና ሚስቱን በተናጠልም እንዲያነጋግር፣ ስምምነቱ የአንዱን ወገን ወይም የልጆችን ጥቅም የሚጎዳ ሲሆን ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን እንዲያርም ሥልጣን ይሰጠዋል። ሽማግሌ ያካፈለው ወረቀት ችሎት ሲደርስ «ተስማምተዋል» ተብሎ ማኅተም የሚመታበት ከሆነ፣ ችሎቱ የዛፉ ቅርንጫፍ ሆነ ማለት ነው። ባልየውን ከደጅ አቁመው እሷን ብቻዋን አንድ ጥያቄ ይጠይቋት፤ «ድርሻሽ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አባቶቼ፣ እናንተንም እለምናለሁ። አስታርቁ፤ ከእናንተ የተሻለ የሚያስታርቅ የለም። ካልታረቁ ንብረቱን ቁጠሩና ጻፉ። ከዚያ ተነሡ።

አንቺም እኅቴ፣ ወረቀቱን አንብበውልሽ፣ ቀለሙን አቅርበው፣ አውራ ጣትሽን «እዚህ ላይ» ሲሉሽ፣ አትጩኺ፣ አትሳደቢ። እጅሽን ወደ ነጠላሽ መልሰሽ «አባቶቼ፣ ለነገ ይደርልኝ» በያቸው። በማግሥቱም፣ መንገድ እንደተከፈተ፣ ያንን ወረቀት ሳትፈርሚበት ይዘሽ ሕግ ወደሚያውቅ ሰው ሂጂ።